ሰጎን ወድቃ አታውቅም

ሰው ሕልም የሚያየው ሌሊት ነው፤ ሻምበል ወንድይራድ መኩሪያ ግን ያንን ጉደኛ ሕልም ያየው በጠራራ ፀሐይ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አፉን ከፍቶ ነው። አጠገቡ የነበሩ ባለጉዳዮች ኋላ እንደመሰከሩበት ከሆነ፣ ሲያንኮራፋ አንደኛው ሞተር የጠፋበት የጭነት አውሮፕላን ይመስል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድይራድ የጉልምስና ዘመኑን የፈጀው በአየር ኃይል ውስጥ የጭነት አውሮፕላን በማብረር ነው። በክብር ተሰናብቶ ወደ ሲቪሉ ዓለም ሲመጣ፣ አንድ አነስተኛ የግል አየር መንገድ “መንገደኛ ለማመላለስ የሚያበቃህን ፈቃድ ብቻ ይዘህ ና፤ በሐምሌ ሥልጠና ትጀምራለህ” አለው። ፈቃዱን ለማግኘት ሰው ሁሉ የሚቀመጥለት የጽሑፍ ፈተና አለ። የአየር ሕግ፣ የአየር ጠባይ፣ የበረራ ዕቅድ፣ የክብደት ስሌት፣ ሌላም ሌላም፤ በድምሩ አሥራ አራት የትምህርት ዓይነት። ወንድይራድ ግን ወታደር አብራሪ ስለነበረ ከአሥራ አራቱ አንዱንም እንዲፈተን አልተጠየቀም። “ልምድ ስላላቸው ከፈተና ነጻ ናቸው” ተባለለት፤ በቃ።

ችግሩ ሚስቱም አብራሪ መሆኗ ነው።

ሰናይት የፀረ ተባይ መርጫ አውሮፕላን ታበራለች። በአፋር ሜዳ የጥጥ እርሻ ላይ ስትመላለስ፣ የአንበጣ መንጋ ሲመጣም ከዘንባባ ጫፍ ዝቅ ብላ መድኃኒት ስትነሰንስ ከባሏ የማያንስ ዘመን በአየር ላይ ኖራለች። ለዚያው አየር መንገድ አመልክታ ነበር። እሷ ግን አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ትፈተን ተባለች። “የእኔስ ልምድ?” ብላ ብትጠይቅ፣ “የእርስዎ የእርሻ ነው” የሚል መልስ ሰጧት።

ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ቢሾፍቱ ያለው ቤታቸው ለሁለት ተከፈለ። በአንደኛው ክፍል ሰናይት እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ታጠናለች፤ በሌላኛው ወንድይራድ ኳስ ያያል። ጎል ሲገባ ይጮኻል፤ ወዲያው ደግሞ ትዝ ይለውና አፉን በትራስ ያፍናል። ክፉ ሰው አይደለም። ሕጉንም ያወጣው እሱ አይደለም። ነገር ግን ሚስቱ የሞቀ ቃል ከተናገረችው ሰንብታለች፤ እሱም ምክንያቱን መጠየቅ ፈርቷል።

በዚያን ዕለት እሷ ልትፈተን፣ እሱ ነጻ የመሆኛ ማረጋገጫውን ሊወስድ አብረው ወደ አዲስ አበባ ወጡ። መኪናው ዱከምን ሲያልፍ ሰናይት ጉልበቷ ላይ የነበረውን መጽሐፍ ከደነችው።

“ወንዴ፣ ነጻ ያደረጉህ ምን አይተው ነው?”

“ልምዴን ነዋ! ሰኒ፣ እኔ እኮ ተራራ ለተራራ መሃል፣ ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ ቁስለኛ ልጭን ያረፍኩ ሰው ነኝ። ከዚህ በላይ ምን ፈተና አለ?”

“እኔስ? አንበጣው የፊት መስታወቴን ሲጋርደው በጎን መስኮት እያየሁ ያረፍኩት?”

“እሱማ እርሻ ላይ ነው።”

“እርሻ ላይ ያለው ሰማይ ሰማይ አይደለም?”

ወንድይራድ ማርሽ ቀየረ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

“እሺ፣ አንተ ዛሬ ብትፈተን ታልፋለህ?”

ወንድይራድ የመኪናውን ሬዲዮ ከፍ አደረገው። እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ ስለ ጤፍ ገበያ ሰሙ። ሲወርዱ የመኪናውን በር ከፈተላትና “በርቺ” አላት። እሷም “አሜን” አለች፤ እንደ ጎረቤት።

የፈተና ክፍሉ ኃላፊ አቶ ልሳነ ይባላሉ። ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ፣ ሰው ሲያመናጭቁ እንኳ ድምፃቸው የማይጎረብጥ አጭር ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው “ተፈታኞች ወደ ውስጥ፣ ነጻዎች ወደ ውጭ!” አሉ። ሰናይት ወደ ውስጥ ገባች። ወንድይራድ የሚፈርሙለት ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት የበላው ቅንጬ ከበደው። ያቺ የመኪና ውስጥ ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክታ ቆየችና፣ እሷንም ሳያወጣት እንቅልፍ ጣለው።

ወዲያው የኮሪደሩ በር በራሱ ተከፈተ።

ወንድይራድ ብድግ ብሎ ቢያይ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ከነኃላፊዎቻቸው ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። በየመስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ናቸው። በመጀመሪያው መስኮት አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ገበሬ ጥርሳቸውን በእንጨት እየጎረጎሩ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሙሉ ልብስ የለበሰ ዋና ሥራ አስኪያጅ ላቡን ይጠርጋል።

“አባቴ፣ ጉዳዬ ምን ደረሰልኝ?”

“ሲስተም የለም” አሉት ሽማግሌው።

“ወዴት ሄደ?”

“ዘመድ ሊጠይቅ ደብረ ብርሃን ወጥቷል። ማክሰኞ ና።”

“ይኸ ማክሰኞ?”

“ማክሰኞም አብሮት ሄዷል።”

ሥራ አስኪያጁ እጅ ነስቶ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ተመለሰ። ሽማግሌው አሁን ዓይናቸውን ወደ ወንድይራድ መለሱ።

“አንተስ እዚያ የቆምከው ለመቆም ተፈትነህ ነው?”

“አባቴ፣ ለመቆም ደግሞ ምን ፈተና ያስፈልጋል? ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስቆም ኖሬያለሁ።”

ሽማግሌው ስንጥራቸውን ጣሉ። “ልምድ አለው!” ብለው ጮኹ። ከየመስኮቱ ባለጉዳዩ ሁሉ “ልምድ አለው! ልምድ አለው! ያዙት!” እያለ፣ ሌባ እንዳገኘ የገበያ ሰው ግር ብሎ ወጣ።

“ምን አጠፋሁ?” አለ ወንድይራድ ክንዱን ይዘው ሲጎትቱት።

“እዚህ አገር የሚፈተነው የሠራ ነው” አሉት ሽማግሌው እየሮጡ። “ሞክሮ የማያውቅ ተሳስቶ አያውቅም። ተሳስቶ የማያውቅን ምን ብለን እንፈትነዋለን? ነጻ ነው!”

አንድ ሜዳ ላይ ወስደው ጣሉት። ቢሾፍቱ መሆኑን ያወቀው በሐይቁ ነው፤ ሐይቁ ግን ያለው ከላይ፣ በሰማዩ ቦታ ነበር። ዓሦቹ ወደ ታች እያዩ ይንሾካሾካሉ። ሜዳው ላይ በተዘረጋው የአውሮፕላን መንደርደሪያ ወፎች በሙሉ በተራ ቆመዋል። ከሰልፉ ፊት አንድ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ኋላ መነጽር ያደረገ፣ የቢሮ ኃላፊ የሚያህል አንበጣ ተቀምጧል።

ተራው የርግብ ነበር።

“ልምድ?” አላት አንበጣው።

“ከጥፋት ውኃ ጀምሮ እበራለሁ” አለች ርግብ በኩራት። “የወይራውን ቅጠል ለኖኅ ያመጣሁለት እኔ ነኝ።”

“በራስሽ አፍ አመንሽ። አሥራ አራቱንም ትፈተኛለሽ። ደግሞ ቅጠል ይዞ መብረር ጭነት ስለሆነ የክብደት ስሌቱ ሁለት ጊዜ ይደረግባት! ቀጣይ!”

ርግብ እያለቀሰች ሄደች። ቀጣይዋ ሰጎን ነበረች። አንገቷን እንደ ሙሽራ ሰበር አድርጋ ቀረበች።

“በረሽ ታውቂያለሽ?”

“ኧረ በፍጹም፣ ጌታዬ!”

“ወድቀሽስ?”

“ከየት እወድቃለሁ?”

አንበጣው ከመቀመጫው ተነሣ። “ሰማችሁ? ይኸን ሁሉ ዘመን ኖራ ከሰማይ ወድቃ አታውቅም! የአደጋ ታሪኳ እንደ ወተት ነጭ ነው። ከሁሉም ነጻ!” ወፎቹ በክንፋቸው አጨበጨቡ። ለሰጎን የካፒቴን ኮፍያ ደፉላት፤ ኮፍያው ዓይኗን ሸፈነው። እሷም እንዳላየች በኩራት ሄዳ ከግንብ ጋር ተጋጨች። “አያችሁ?” አለ አንበጣው፤ “ይኸ እንኳ የመሬት አደጋ ነው።”

ወንድይራድ ሳቁ አመለጠው። አንበጣው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው።

“አንተ የሰናይት ባል አይደለህም?”

ወንድይራድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሚስቱ በአንበጣ ላይ ያደረገችውን ያውቃል። “ነኝ” አለ በቀጭን ድምፅ። “ጌታዬ፣ ስለ ዘመዶችዎ…”

“ጎበዝ ባለሙያ ናት። ሁሉንም ጨርሳቸዋለች።”

“በጣም አዝናለሁ።”

“ለምን ታዝናለህ? ፈተናውን ገና ስላላለፈች የገደለቻቸው በሕግ አልሞቱም። እነዚያውልህ።”

ወንድይራድ ዞር ቢል እስከ አድማስ ድረስ አንበጣ ቆሟል። ሁሉም ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ክንፋቸውን አጣጥፈው፣ የታከተ ፊት ይታይባቸዋል። አንዲት አሮጊት አንበጣ ቀሚሱን፣ ይቅርታ፣ ሱሪውን ይዛ ጎተተችው።

“ልጄ፣ እባክህ ለሚስትህ ንገርልን። ታልፍልንና ዐርፈን እንተኛ።”

“እያጠናች ነው፣ እናቴ” አለ ወንድይራድ፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው ዕንባው መጣ።

“አንተስ ታግዛታለህ?”

ይኼኔ ደወል ተደወለና ከሁሉም ጥያቄ አዳነው። አውሮፕላን ሊነሣ ነው ተባለ። ወፎቹ አንጠልጥለው አስገቡት።

በአውሮፕላኑ ውስጥ መንገደኞቹ በሙሉ መሪው ያለበት ክፍል ውስጥ ታጭቀዋል። ኋላ ያለው ሰፊ ክፍል ባዶ ነው። እዚያ ወንድይራድን ብቻውን አስቀምጠው በቀበቶ አሰሩት። መሪውን የያዙት አማቱ ናቸው፤ የሰናይት እናት፣ ወይዘሮ አስካለ። መቀነታቸውን በካፒቴን ኮት ላይ ታጥቀው፣ መሪውን ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው በሁለት እጃቸው ይጫኑታል።

“እማማ! እርስዎ ደግሞ ማብረር መቼ ቻሉ?”

“አልችልም፣ ልጄ! ለዚህ አይደል ነጻ ያደረጉኝ?”

“እንሞታለን እኮ!”

“እኔ ሞቼ አላውቅም” አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ “ስለዚህ ከእሱም ነጻ ነኝ።”

አውሮፕላኑ ጀርባውን ወደ ምድር አድርጎ ተነሣ። መንገደኞቹ በየተራ እየመጡ ለወንድይራድ ውኃና ኦቾሎኒ ሰጡት፤ ለመሆኑ ደኅና ነህ ወይ፣ ጆሮህን አላመመህም ወይ እያሉ ጠየቁት። አንዷ እናት ወንድይራድ እንዳያለቅስ ብላ፣ ሕፃን ልጇን ለእሱ ሳይሆን እሱን ለሕፃኑ አሳቀፈችው። ሕፃኑም “አይዞህ” አለው።

ትንሽ እንደሄዱ አውሮፕላኑ ገጭ ብሎ ቆመ። ከፊቱ አንድ ጠቋራ ደመና፣ አናቱ እንደ ብረት መቀጥቀጫ መስፍ የተደለደለ፣ እጁን ዘርግቶ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። ዳር እንዲይዙ አደረገና በመስኮት አንገቱን አስገባ።

“ከመካከላችሁ ልምድ ያለው ማን ነው?”

መንገደኞቹ ሁሉ ወደ ወንድይራድ ጠቆሙ።

“ማን ነኝ?” አለው ደመናው።

“ደመና ነህ።”

“የት አገር ደመና? የማን ልጅ? በስንት ከፍታ ነው የምወለደው? ለምንስ ነው አናቴ የሚደለደለው?”

ወንድይራድ ኦቾሎኒውን ኪሱ ከተተ።

“ይኸን ሁሉ ዓመት በጎኔ ስታልፍ፣ አንድ ቀን እንኳ ስሜን ጠይቀኸኝ አታውቅም” አለ ደመናው። የተቆጣ አይመስልም፤ የተቀየመ ይመስላል።

“ስምህን አላውቅም” አለ ወንድይራድ፤ “ግን አንተን ሳይ እጄ በራሱ ወደ ግራ ይዞራል። አንድ ቀን ተሳስቼ ውስጥህ አልገባሁም። የጫንኩትን ሰው ሁሉ በደኅና አድርሻለሁ። ይኸ ዕውቀት አይደለም?”

ደመናው ትንሽ አሰበ። ሲያስብ ውስጡ ብልጭ ብልጭ አለ።

“ነው” አለ በመጨረሻ። “እጅህ ያውቀኛል፤ አልክድህም። እስቲ አሁን ለእነዚህ ንገራቸው። እጅህ የደከመ ቀን አጠገብህ ለሚቀመጠው ሰው ንገረው፤ ለምንድን ነው ወደ ግራ የሚዞረው?”

መንገደኞቹ ሊሰሙ ጠጋ አሉ። ሕፃኑም ጣቱን ከአፉ አወጣ። ወንድይራድ እጁን አየው። እጁ ያውቃል፤ ግን እጅ አይናገርም።

“አላለፍክም፣ ልጄ” አሉ ወይዘሮ አስካለ መሪውን ለቀው። “በል ውረድ።”

“እዚህ? ሰማይ ላይ?”

“ታዲያ ታክሲ ስትሳፈር ምን ትላለህ?”

ወንድይራድ እንደ ልማዱ “ወራጅ አለ!” አለ። በሩ ተከፈተ። ወደ ታች እወድቃለሁ ሲል ወደ ላይ ወደቀ፤ ሐይቁን ሰንጥቆ፣ ዓሦቹን “ይቅርታ፣ ይቅርታ” እያለ አልፎ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ በቂጡ ተቀመጠ። ልብሱ ደረቅ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ አለ፤ የተቀመጠውም እሱ ነው። ከፊቱ ሰናይት ቆማለች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ትከሻዋ ላይ የካፒቴን ምልክት አድርጋ፣ ጸጉሯን አሳምራ ተሠርታለች። እንዲህ አምራ ካያት ቆይቷል።

“ሰኒ! እግዜር ይስጥሽ መጣሽልኝ። አውጪኝ ከዚህ!”

“ይቅርታ፣ እንተዋወቃለን?”

“ምን ማለትሽ ነው? ባልሽ ነኝ!”

“ባል?” ሰናይት ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ጣሪያውን አየች። “ባል ኖሮሽ ያውቃል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ከጾሙ መግቢያ ወዲህ አላስታውስም አልኳቸው። ልምድ ስለሌለኝ ከባል ነጻ አድርገውኛል።”

“እኔስ?”

“አንተማ ሚስት አለችኝ ካልክ ትፈተናለህ። አትፍራ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።” ድምፅዋ የአቶ ልሳነን ያህል ለስላሳ ሆነ። “ሚስትህ ዛሬ ጠዋት የገባችው ለየትኛው የትምህርት ዓይነት ነው?”

ወንድይራድ አሰበ። ከቢሾፍቱ ድረስ ያመጣት እሱ ነው። የመኪናውን በር የከፈተላት እሱ ነው። በርቺ ያላትም እሱ ነው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

“ምርጫ የለውም?” አለ በልምምጥ።

“አለው። ሀ፣ አላውቅም። ለ፣ አልጠየቅኳትም። ሐ፣ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። መ፣ ሁሉም መልስ ናቸው።”

“ሰኒ፣ እባክሽ…”

አዳራሹ በር ላይ ሰጎኗ ኮፍያዋን ወደ ኋላ ገፍታ ብቅ አለች። “ሰዓት አልቋል!” ብላ ጮኸች። “ሰዓት አልቋል! ሻምበል! ሻምበል!”

“ሻምበል! ሻምበል፣ ይነሡ እንጂ! ይፈለጋሉ!”

አቶ ልሳነ ትከሻውን ይዘው እየነቀነቁት ነበር። ወንድይራድ ብድግ ሲል አገጩ በምራቅ ረጥቧል። ኮሪደሩ ያው ኮሪደር ነው፤ ባለጉዳዮቹ እየሳቁበት ነው። ሰናይት ተፈትና ወጥታ ፊት ለፊቱ ያለው አግዳሚ ላይ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

ወንድይራድ አቶ ልሳነን ትቶ ወደ እሷ ሄደ።

“ሰኒ፣ ዛሬ የተፈተንሽው ምንድን ነው?”

ቀና ብላ አየችው። “የአየር ጠባይ። ምነው?”

“ከበደሽ?”

“ከበደኝ” አለች፤ ድምፅዋ ትንሽ ላላ። “ከሁሉም እሱን ነበር የምፈራው።”

“ሻምበል፣ ጊዜ የለንም” አሉ አቶ ልሳነ። እጁን ይዘው ወደ አንድ ክፍል አስገቡት። ሰናይትም ጫማዋን እንደያዘች ተከተለች። ጠረጴዛው ላይ የመልስ ወረቀት ተከምሯል። አጠገቡ አዲስ ቀይ እስክሪብቶ ተቀምጧል።

“የማረሚያ ማሽኑ ተበላሽቶብናል” አሉ አቶ ልሳነ። “በእጅ ልናርም ተገደናል። አራሚ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው መሆን አለበት ይላል ሕጉ። ልምድ ያላቸው ተብለው የተመሰከረላቸው ነጻዎቹ ናቸው። ስለዚህ እርስዎ ያርማሉ።”

ወንድይራድ ነቅቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ጭኑን ቆነጠጠ። አመመው።

“የመልሱ ቁልፍ የታለ?”

“ማሽኑ ውስጥ ነው።”

“ማሽኑን ክፈቱታ!”

“የሚከፍተው ባለሙያ ፈተና ላይ ነው። ዕድሜ ልኩን የጠገነው እሱ ነበር፤ ፈቃድ ግን የለውም ተባለ።”

“ታዲያ በምን ላርመው?”

“በልምድዎ ነዋ፣ ሻምበል!” አቶ ልሳነ ከላይ ያለውን ወረቀት ወደ እሱ ገፋ አደረጉ፤ ጠጋ ብለውም በጆሮው “የባለቤትዎ ነው፤ ቅድሚያ ሰጥተንዎታል። ቢራሩላት ማንም አይጠይቅዎትም” አሉት።

ወንድይራድ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበ። ከተራራ ጀርባ ስለሚወርድ ነፋስ ነው። በዚያ ነፋስ ውስጥ ስንት ጊዜ አውሮፕላኑ እንደ ቅጠል ተንገላቶበታል፤ ስንት ጊዜም አምልጦታል። ደግሞ አነበበው። አራቱም ምርጫዎች እውነት መሰሉት። ሰናይት ሁለተኛውን መርጣለች። ቀይ እስክሪብቶውን አነሣና ወረቀቱ ላይ አንዣበበ።

“ወንዴ” አለች ሰናይት ከበሩ፤ “አንዲት ምልክት እንዳታሳርፍ።”

“ትክክል ነው ልል ነው እኮ።”

“ትክክል መሆኑን በምን አወቅህ?”

ወንድይራድ ወረቀቱን አየ፤ ሚስቱን አየ። ባዶ እግሯን ሲሚንቶ ላይ ቆማለች። እሷን የሚያህል ሰው በእሱ ቀይ ቀለም ሊያልፍ ወይም ሊወድቅ መሆኑ ድንገት እንደ ቅዝቃዜ ተሰማው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“አቶ ልሳነ፣ እኔንም ፈትኑኝ።”

አቶ ልሳነ ፈገግ አሉ። “ሻምበል ይቀልዳሉ። ነጻ የተደረገ ሰው መፈተን አይችልም፤ ክልክል ነው።”

“ነጻ መሆኔን ትቼዋለሁ።”

“አየር መንገዱ በሐምሌ ይጠብቅዎት የለ? ሥልጠናው ያመልጥዎታል እኮ።”

“ያምልጠኝ።”

“እንግዲያው መተው ይችላሉ” አሉ አቶ ልሳነ አገጫቸውን እያሻሹ። “ግን ነጻ መሆንን ለመተው የብቃት ፈተና አለው።”

“ስንት ትምህርት ነው?”

“አሥራ አራት። ጥያቄዎቹም ያው ናቸው።”

“ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?”

“ይኸኛውን ሲያልፉ መፈተን ይፈቀድልዎታል።”

ከበሩ በኩል የሳቅ ድምፅ መጣ። ሰናይት ጫማዋን ጥላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ወንድይራድ ይኸን ሳቅ ከሰማ ጾሙ ገብቶ ወጥቷል። እሱም ሊስቅ ሲል ሳቁ መንገድ ላይ ቀረበት፤ ምክንያቱም አሁን በእውነት ፈርቷል።

“መዝግቡኝ” አለ።

“ለየትኛው?”

“ለሁለቱም።”

ሰናይት ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን ጠረገች። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የተቀረጸ እርሳስ አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

“የእኔ ነው” አለችው፤ “ጫፉን እንዳትበላው።”